ፍሪጃችን በእኛ አቆጣጠር

አማቴ ሾርባዬን ዝም ብለው ጠጥተው የጨረሱ ቀን ነው የደነገጥኩት።

ሾርባው ደግሞ የሚጠጣ አልነበረም። ሆን ብዬ ጨው ጨምሬ፣ አሁንም ጨምሬ፣ የባሕር ውሃ አስመስዬው ነበር። ሃያ አራት ዓመት ምራታቸው ሆኜ ስኖር አንዲት ቁንጥር ጨው የተረፈችበትን ምግብ አሳልፈውልኝ አያውቁም። «የኡንቢ እናት፣ ዓሣውን ከነባሕሩ ነው እንዴ የቀቀልሽው?» ብለው እንደ ልማዳቸው በልጄ ስም ጠርተው ይወርዱብኛል ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። ምንም! ማንኪያቸውን አስቀመጡ፣ «ተባረኪ፣ ጠገብኩ» አሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ተባረኪ! እኔን! ልቤ ስንጥቅ አለ። እኚህ ሴትዮ ሊሞቱብኝ ነው አልኩ።

እዚህ ጉንሳን ከተማ ውስጥ አማቴ ፕዮ ቦክሬ ማን እንደሆኑ የዓሣ ገበያው ሰው ይጠየቅ። አርባ ዓመት የደረቀ ዓሣ ሸጠዋል። ሥራውን ከተዉ በኋላ እንኳ ገበያ ሲወጡ ነጋዴው ከሩቅ ሲያያቸው ዋጋውን ራሱ ቀድሞ ይቀንስ ነበር፤ ቢያንስ ጉሮሮው ይተርፍለታል። ዘንድሮ ሰማንያ ዓመታቸው ነው። ጥርሳቸው የራሳቸው ነው፣ ምላሳቸው ግን የሦስት ሰው ነው። እኔም የዋዛ አይደለሁም። ባሌ እኛ ሁለታችን ስንነጋገር ቴሌቪዥኑን ከፍ ማድረግ ልማዱ ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣው ፍሪጁ ነው።

ለኪምቺ ብቻ የሚሆን ፍሪጅ ነው። ብርድ ሊገባ ሲል ጎመኑን በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት አሽተን፣ በየዕቃው ጠቅጥቀን፣ እስከሚቀጥለው ዓመት የምንበላውን የምናስቀምጥበት ማለት ነው። አማቴ አንድ ቀን ለማንም ሳይነግሩ ብቻቸውን ወጡና ገዝተውት መጡ። ሱቁ ውስጥ ለማሳያ የቆመ ዕቃ ነበር፤ በሩ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ጭረት ስላለበት በቅናሽ ነው የተሸጠው። በቅናሹ ላይ ደግሞ እሳቸው ሌላ ቅናሽ አስቀንሰዋል። «ጀርባሽ ሳይጎብጥ» አሉኝ። ከዚያ በፊት ጎመኑን በየባልዲው ይዤ ሰገነት ለሰገነት የምንከራተተው እኔ ነበርኩ። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ የሰጡኝ ስጦታ ይኸው አንድ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ ምስጋናዬን ዋጥ አደረግሁና «ጭረት አለበት እኮ» አልኳቸው።

እንግዲህ ይኼ ፍሪጅ ባለፈው ሰኞ፣ ግንቦት ገብቶ ሙቀቱ መምጣት ሲጀምር፣ ሁለት ጊዜ አቃሰተና ቀጥ አለ። እኔ ልብስ የምተኩስበት ላውንደሪ ሥራ ላይ ነበርኩ። ማታ ስገባ አማቴ ፍሪጁ አጠገብ ትንሽ ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ሱቁ ጋ ደወልኩ» አሉ።

«እና ምን አሉዎት?»

«ጋራንቲው አልቋል አሉ።»

በቃ። እኔም አርባ ራስ ጎመን ኪምቺ ይዤ በየጎረቤቱ ማንኳኳት ጀመርኩ። ሁለት ዕቃ ሦስተኛ ፎቅ፣ አንድ ዕቃ ከእኛ በላይ ያሉት አዲስ ተጋቢዎች ዘንድ፣ አንድ ደግሞ የሕንፃው ጥበቃ ክፍል። ጎረቤት የያዘው ኪምቺ ደግሞ ይታወቃል፣ ከሳምንት በላይ አይቆይም፤ ወይ ይበላል፣ ወይ «አሸተተ» ተብሎ ይመለሳል።

ረቡዕ ቹንሚ መጣች። ቹንሚ የባሌ እህት ናት፣ ባለ አራት በር ፍሪጅ አላት፣ ይህንንም ከተማው ሁሉ ያውቃል። ፍሪጇ አራት በር አለው፣ አፏ ግን አንድም በር የለው። የእኛን ፍሪጅ ከፍታ አሸተተች፣ አፍንጫዋን ያዘችና ሳቀች።

«እማዬ፣ ርካሽ ነው ብለው ሸወዱዎት እኮ! ጭረት ያለበት ዕቃ ደህና ይሆናል ብለው ነው? ሰው ሲያረጅ ብቻውን ገበያ መውጣት የለበትም ስል! ጃጅተዋል እኮ፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል።»

ክፋት የላትም። ስትወጣ የእናቷን ትከሻ አሸት አሸት አድርጋ፣ እንጆሪ አስቀምጣ ነው የሄደችው። ቃሉ ግን ቤት ውስጥ ቀረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቴ ሌላ ሰው ሆኑ። ገበያ ልውጣ የለ። «ለራት ምን ይሠራ?» ስላቸው «እንደፈለግሽ»። ዱባው በስሎ እንደሆነ በጣታቸው መታ መታ አድርገው እንዲነግሩኝ ብሰጣቸው «አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ ምን አውቃለሁ» ብለው መለሱልኝ። ሐሙስ ዕለት ጠርዙ የተተረተረ ቀሚስ ለብሼ ወጣሁ፣ አላዩኝም። አርብ ዕለት የዚያን የጨው ሾርባ ጠጡ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ «ምነው ዝም ባሉልኝ» ብዬ የለመንኩት ሲሰጠኝ ለካ አልፈልገውም። ስለዚህ ቅዳሜ ወደዚያ ሱቅ የሄድኩት ፍሪጅ ላሠራ ብቻ አይደለም። አማቴን ላስመልስ ነው የሄድኩት።

አስቀድሜ የሸማቾች ምክር ወደሚሰጥበት ስልክ ደወልኩ። አንዲት ልጅ፣ ድምፅዋ የጉንፋን፣ በትዕግሥት አስረዳችኝ። የምትለኝን በእጄ መዳፍ ላይ ጻፍኩት።

«ተነሱ፣ እንሂድ» አልኳቸው።

«አልሄድም። አሳፍርሻለሁ።»

«ታክሲው በር ላይ ቆሟል፣ ቆጣሪው እየቆጠረ ነው።»

ውሸቴን ነበር። ግን ይኼን ሲሰሙ ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ደረጃውን ወረዱ። እንግዲህ ጨርሶ አልጠፉም ማለት ነው አልኩ በሆዴ። ታች ወርደው ታክሲ ሲያጡ አላኮረፉም፣ አልተቆጡም፤ ቀና ብለው አዩኝና ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው መራመድ ጀመሩ። እሱ ነው ያስከፋኝ። በአውቶቡስ ሄድን።

የሱቁ ኃላፊ አቶ ባንግ ይባላል፣ ክብ ፊት ያለው፣ ሲያወራ እጁን የሚያፍተለትል ሰው ነው። አማቴን ልብስ ማጠቢያዎቹ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና ባንኮኒው ጋ ቀረብኩ። ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ የመጣውን የቅናሽ ወረቀት ተቀብሎኝ አየ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ እኮ በቅናሽ የሸጥነው ማሳያ ዕቃ ነው። ይኸው፣ ‹አይመለስም፣ አይለወጥም› ይላል።»

«የኔ ወንድም፣ መልሱልኝ አልኩህ?»

«አላሉም።»

«ለውጡልኝ አልኩህ?»

«እሱንም አላሉም፣ ግን…»

«ሥሩልኝ ነው ያልኩት። ‹አይሠራም› የሚል የታለ? እስቲ አሳየኝ።»

ወረቀቱን ገለባበጠው። «‹አይሠራም› የሚል የለም» አለ።

«አየህ? አይሠራም ያለው ፍሪጁ ብቻ ነው።»

ቴሌቪዥን ሊገዙ የመጡ ባልና ሚስት ወደ እኛ ዞሩ። ሰው ሲያየኝ ደግሞ እኔ ይብስብኛል።

«ለምን ነበር ቅናሽ ያደረጋችሁት?» አልኩት።

«በሩ ላይ ጭረት ስላለበት ነው።»

«ጭረቱ ደህና ነው። ጤናው የተጠበቀ ነው፣ ሥራውን እየሠራ ነው። የሞተው ሞተሩ ነው! ሞተሩን ደግሞ ‹ትንሽ ታሞ ነበር› ብላችሁ አልሸጣችሁልንም።» መዳፌን ገልጬ አነበብኩለት። «ዋጋ ሲቀንስ መብት አይቀንስም። ሲሸጥ የተነገረን ጉድለት የእኛ ነው፣ ያልተነገረን የእናንተ ነው። ይሄን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ብትፈልግ ደውለህ ጠይቃት፣ ጉንፋን ይዟታል እንጂ ታነሣለች።»

ሚስትየዋ ሳቀች። አቶ ባንግ ጆሮውን አከከ። መጥፎ ሰው አይደለም፣ ቶሎ ገባው።

«እሺ እትዬ፣ በእሱ ልክ ነዎት። ቅናሽም ቢሆን የሁለት ዓመት ጋራንቲ አለው።»

ደረቴ ተነፋ። ዞር ብዬ አማቴን አየሁ፣ እሳቸው ወለሉን ያያሉ።

አቶ ባንግ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና ፊቱ ተቀየረ። «ግን እትዬ… ሰኞ ዕለት ከእናንተ ቤት ተደውሎ ነበር። የስልክ ሠራተኛዋ ‹ዕድሜው ስንት ነው?› ስትል ‹ሦስት ዓመቱ ነው› ተብሏል። ይኸው ተመዝግቧል።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም!

«እማዬ! ሦስት ዓመቱ ነው ብለዋታል?»

«አዎ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሦስት ዓመቱ ነው።»

የገዛነው አምና ሳይሆን ካቻምና ነው፣ ጎመኑ ሊታሽ አንድ ሳምንት ሲቀረው። በጣቴ ቆጠርኩ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ። ወዲያው ገባኝ። አማቴ የቆጠሩት በእኛ አቆጣጠር ነው! ልጅ ሲወለድ አንድ ዓመቱ ነው፣ አዲስ ዓመት ሲገባ ሁለት ይለዋል፣ እንዲያ እያለ ይሄዳል። እሳቸው ዘንድ ሰውም ፍሪጅም እኩል ነው፤ ቤት የገባበት ዓመት አንድ፣ አምና ሁለት፣ ዘንድሮ ሦስት።

ይህን ብነግረው አቶ ባንግ ፈገግ አለ። «እናቴም ልክ እንደዚህ ናት። ደረሰኙ አለዎት?»

ደረሰኙን አወጣሁ። ከምድጃው በላይ ለጥፌው ኖሮ ሙቀቱ ጽሑፉን ጠራርጎ በልቶታል፤ ነጭ ወረቀት ብቻ ነው የቀረው። የጋራንቲ ካርዱን አወጣሁ። የሸጠልን ልጅ ቀኑን ሳይሞላ ነው የሰጠን፣ ቦታው ባዶ ነው። አቶ ባንግ ኮምፒውተሩም አምና ተቀይሮ የድሮው ሽያጭ እንደማይገኝ በሐዘኔታ ነገረኝ። ስለዚህ በዚህ ዓለም ላይ የፍሪጃችንን ዕድሜ የሚመሰክር የአማቴ ቃል ብቻ ነው ማለት ነው።

«ግን መላ አለው» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የማረሚያ ቅጽ አለ። እሱን ከፈረሙልኝ የሰኞው ቃል ይሰረዛል፣ ቀኑን እርስዎ እንደነገሩኝ እሞላለሁ፣ ባለሙያ ዛሬውኑ ይመጣል።»

እሰይ! ብዕሩን ተቀበልኩት። እንደ ደንቡ ከመፈረሜ በፊት አነበብኩት። «ደንበኛዋ በዕድሜ መግፋት ምክንያት ስለተምታታባቸው የተሳሳተ ቃል ሰጥተዋል» ይላል።

«ሌላ ምክንያት የለም?» አልኩ።

«አንድ ሌላ አለ። ‹ደንበኛዋ ሆን ብለው ዋሽተዋል› የሚል ነው።»

ብዕሩ እጄ ላይ ቀረ። አልዋሽም፣ ልፈርም ነበር። ያ ሁሉ ኪምቺ በየሰው ቤት እየተንከራተተ፣ ፊርማ ምንድን ነው? ሁለት ጭረት። ማን ያየዋል? ወረቀት ነው፣ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እጄን ዘርግቼ ልጀምር ስል ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ፈርሚ።»

ዞርኩ። አማቴ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈዋል።

«ፈርሚ፣ እውነቱን ነው። ተምታቶብኝ ነው። ሰሞኑን ሁሉም ነገር ይምታታብኛል።»

እንዲህ ለስለስ ብለው ሲናገሩ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ደሜ ፈላ። ብዕሩን ወረወርኩት፣ ተንከባሎ ልብስ ማጠቢያው ሥር ገባ።

«አልፈርምም!»

«የኡንቢ እናት…»

«አልፈርምም አልኩ! ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ስህተቴን ሲቆጥሩ አንድ ቀን ተሳስተው ያውቃሉ? ሩዝ ያሳረርኩበትን ወር፣ ቀኑን፣ ስንት ጭልፋ እንደተደፋ ሳይቀር ዛሬም በቃልዎ ይሉታል! የእኔ ሲሆን ሒሳብ አዋቂ፣ የራስዎ ሲሆን ነው የሚምታታብዎት? ፍሪጁ ገደል ይግባ! ኪምቺውም ይበላሽ! ‹ተምታታባቸው› ብዬ ግን አልፈርምም። አልተምታታባቸውማ!»

ጮኼ ነበር ለካ። አንድ ሰውዬ የጢም መላጫ ሊሞክር አንስቶ እንደያዘ ቀረ። እንባዬ መጣ፣ በቁጣ ነው ያለቀስኩት፣ አፈርኩም።

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። አማቴ ተነሡ።

«አንቺ!» አሉ። «ሰው መሃል እንደዚህ መጮህ ማን ነው ያስተማረሽ?»

«እርስዎ!»

ከንፈራቸው ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። በነጠላ ጫማቸው እየተጎተቱ መጡ፣ በክርናቸው ገፋ አድርገው ከፊታቸው አነሡኝ፣ ሁለት እጃቸውን ባንኮኒው ላይ አደረጉ። ዓሣ ሲሸጡ የሚቆሙት አቋቋም ነው።

«አንተ ልጅ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?»

«የእኔ?» አለ አቶ ባንግ። «ሠላሳ ስምንት።»

«መቼ ተወለድክ?»

«በአሥራ ሁለተኛው ወር፣ በሃያ ዘጠኝ።»

«እሰይ። እንግዲያስ በተወለድክ በአራተኛው ቀን ሁለት ዓመትህ ሆነ ማለት ነው።»

«እ… አዎ፣ እንደዚያ መሰለኝ።»

«ድክ ድክ ትል ነበር?»

«ኧረ እማማ፣ በአራት ቀኔ?»

«ጥርስስ ነበረህ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ እናትህ ጎረቤቱን ‹ልጄ ሁለት ዓመቱ ነው› ስትል ዋሽታ ነው ወይስ ተምታቶባት?»

አቶ ባንግ እጁን ማፍተልተል ተወ። «አልዋሸችም። አልተምታታባትምም» አለ ቀስ ብሎ።

«ሐኪሙስ የሁለት ዓመት ልጅ ክትባት ወጋህ? አልወጋህም። እሱ በቀን ነው የቆጠረልህ። ዕድሜህ ሁለት፣ ቀንህ አራት፤ ሁለቱም እውነት ነው። የእኔም ፍሪጅ ዕድሜው ሦስት ነው። የስልኳ ልጅ ‹ዕድሜው ስንት ነው?› አለችኝ፣ የጠየቀችኝን መለስኩላት። ‹ስንት ወር ሠራ?› ብትለኝ ኖሮ አሥራ ስምንት ወር እላት ነበር። ዓሣ በአንድ ሚዛን ገዝቶ በሌላ ሚዛን የሚሸጥ ሰው እኛ ገበያ ውስጥ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?»

«አላውቅም እማማ።»

«ባታውቅ ይሻልሃል። በሚቀጥለው ወር መንግሥት የእኛን አቆጣጠር በአዋጅ ሽሮ አገሩን ሁሉ አንድ ሁለት ዓመት ሊያሳንሰው ነው። እኔ እንኳ ከሰማንያ ወደ ሰባ ስምንት ልመለስ ነው። ሰው ሁሉ ልጅ ሲሆን የእኔን ፍሪጅ ብቻ ታስረጃለህ?»

መላጫ የያዘው ሰውዬ «ልክ ነው!» ብሎ ጮኸ። ባልና ሚስቱ አጨበጨቡ። እኔ አላጨበጨብኩም፣ እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግሁ ነበር።

«ገብቶኛል፣ በደንብ ገብቶኛል» አለ አቶ ባንግ። «ግን እማማ፣ ቅጹን ካልፈረማችሁ የገዙበትን ቀን በምን ላረጋግጥ? ወረቀት የለ፣ ኮምፒውተር የለ…»

«ቀኑን?» አሉ አማቴ። ከረቡዕ ወዲህ ዓይናቸው እንዲህ ሲያበራ አላየሁም። «ካቻምና፣ በጨረቃ አቆጣጠር አሥረኛው ወር፣ ዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ። ልጆችህ ሐሙስ እናምጣ አሉኝ፤ እኔ ደግሞ ክፉ መንፈስ የሚዞርበት ቀን ዕቃ ቤቴ አይገባም፣ ንጹሕ ቀን እስኪደርስ ጠብቁ አልኳቸው። ቅዳሜ ከምሳ በፊት አመጡት። ተሸካሚው የቀኝ አውራ ጣቱን በፋሻ ጠቅልሎ ነበር፤ ምን ሆነህ ነው ስለው ምድጃ ወደቀብኝ አለኝ። አረንጓዴ ደብተር አውጥቶ አስፈረመኝ። ደብተሩን አምጣ።»

«እማማ፣ እሱ ደብተር እኮ ምናልባት ተጥሎ…»

«አምጣ አልኩህ።»

አቶ ባንግ ወደ ጓዳ ገባ። ዕቃ ሲገለባበጥ፣ አንድ ነገር ሲወድቅ፣ ሲያስነጥስ ሰማነው። አማቴ እየጠበቁ በጣታቸው ባንኮኒውን ያንኳኳሉ። እኔ በበኩሌ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀምሬ ነበር፤ ደብተሩ ጠፍቶ ከሆነ፣ ወይም ቀኑ ሌላ ከሆነ፣ ከዚህ በኋላ እኚህን ሴትዮ የሚያስነሣቸው የለም። ሰውዬው ሸረሪት ድር ፀጉሩ ላይ ይዞ ወጣ። እጁ ላይ ደብተር አለ፣ አረንጓዴ።

ገለጠ። ገለጠ። ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ፕዮ ቦክሬ» ብሎ አነበበ። «ቅዳሜ፣ አሥራ አንደኛው ወር፣ አሥራ ሦስት። የኪምቺ ፍሪጅ አንድ፣ ማሳያ፣ በሩ ላይ ጭረት…» የቀን መቁጠሪያውን በስልኩ አወጣና አስተያየው። «በጨረቃ… አሥረኛው ወር፣ ዘጠነኛው ቀን!» አለ። ከሥሩ ደግሞ ተሸካሚው በእጁ የጻፈው ነበር። አቶ ባንግ ሳያስበው ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «‹ሁለት ቀን አስጠበቁን። አደገኛ ሴትዮ ናቸው፣ ተጠን…›»

እዚህ ላይ ቃሉን ዋጠው፣ ጆሮው ቀላ።

«ተጠንቀቁ ነው የሚለው» አሉ አማቴ። ደስ ብሏቸዋል፤ አንገታቸው ሳይቀር ቀና አለ። «ልጁ ጨዋ ነው። እውነቱን ነው የጻፈው።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔ እንዲያውም ሆዴን ይዤ ተጎንብሼ ነው የሳቅኩት።

አቶ ባንግ ያንን ቅጽ አነሣ። «በዕድሜ መግፋት» የሚለውን በመስመር ሰረዘው፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም በገዛ እጁ ከላዩ ላይ ጻፈ፤ «ደንበኛዋ ትክክለኛ መልስ ሰጥተዋል። ጥያቄው ነው የተሳሳተው»። ለእኔ ሳይሆን ለአማቴ አዞረላቸው። እሳቸውም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት፣ አንድ ነጥብ እንዲጨምር አስደረጉት፣ ከዚያ ፈረሙ። ባለሙያው አሥር ሰዓት ላይ እቤት ይመጣል፣ ሞተሩ በአዲስ ይቀየራል፣ በነጻ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ዋል» ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ። ዞር ስል አማቴ የሉም።

መደርደሪያው ጋ ቆመዋል። «ልዩ ቅናሽ» የሚል ቀይ ወረቀት የተለጠፈበት ማራገቢያ ፊት።

«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ። ይኼ ለምንድን ነው የተቀነሰው?»

አቶ ባንግ መጣ። «ካርቶኑ ጠፍቶበት ነው እማማ።»

«ካርቶኑ ብቻ? እዚህ ጎኑ ላይ ያለውስ?»

«እሱ… ጥላ ነው እኮ እማማ፣ የመብራቱ።»

«በሱቅህ መብራት ጥላ ከያዘ እቤቴ አይብስበትም?» ማራገቢያውን አሽከረከሩት፣ ወደ ጆሯቸው አስጠጉት፣ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ገመዱም አጭር ነው። ቁልፉም ጠንካራ ነው፣ የአሮጊት ጣት አይገፋውም። እነዚህን ሁሉ በየተራ እናስባቸው። ወንበር አምጣልኝ።»

ወንበሩን አመጣ፣ ምን ያድርግ። ተቀመጡ። አቶ ባንግ ላብ ጀመረው፣ እጁን አፍተለተለ፣ በመጨረሻም ቀስ ብሎ ወደ እኔ ተጠጋ።

«እትዬ፣ በሞቴ፣ እናትዎን አንድ ነገር ይበሏቸው።»

«እናቴ አይደሉም፣ አማቴ ናቸው» አልኩት። «እኔም ሃያ አራት ዓመት ሞክሬ አልቻልኳቸውም።»

ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡብኝ፣ ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኖቹ አዞርኩ። ከኋላዬ አማቴ ስለ ማራገቢያው ሦስተኛ ክንፍ ክስ ሲጀምሩ ይሰማኛል።